የክሎድ ሬይንስ ደካማ ሰዎች

«ካዛብላንካ» የተባለውን ፊልም የሚያይ ኢትዮጵያዊ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀና ማለቱ አይቀርም። ፈረንሳዊው የፖሊስ አዛዥ ካፒቴን ሬኖ ከመጠጥ ቤቱ ባለቤት ከሪክ ጋር ሲጨዋወት የሰውየውን የቆየ ታሪክ ይመዝዛል። በ1935 ለኢትዮጵያ በድብቅ መሣሪያ ታቀብል ነበር፤ በ1936 ደግሞ ስፔን ውስጥ ከሪፐብሊኩ ወገን ተሰልፈህ ተዋግተሃል ይለዋል። ሪክ ለሁለቱም በሚገባ እንደተከፈለው ይመልሳል። ሬኖ ግን በቀላሉ የሚሸነገል ሰው አይደለም፤ አሸናፊዎቹ ቢሆኑ ኖሮ ከዚያ የበለጠ ይከፍሉህ ነበር ብሎ አፉን ያስይዘዋል።

ዘመኖቹን የምጠራቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። 1935 ለእኛ የ1928ቱ ወረራ ነው። የጣልያን ጦር መረብን በተሻገረ በቀናት ውስጥ አሜሪካ በገለልተኝነት ሕጓ መሠረት ለሁለቱም ተፋላሚዎች መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። ለሁለቱም የተባለው እገዳ የጎዳው ግን አንዱን ነበር፤ ጣልያን የራሷ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ነበሯት፣ እኛ አልነበሩንም። በዚያ ዓመት ለኢትዮጵያ ጠመንጃ ያሻገረ ሰው ገንዘብ ተቀበለም አልተቀበለም ከየትኛው ወገን እንደቆመ ግልጽ ነው። የፊልሙ ደራሲዎች የሪክን ልብ በአንድ መስመር ለማሳየት ሲፈልጉ የእኛን አገር ጠሩ። ፊልሙ የተቀረጸው በ1942 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው ከገቡ ገና አንድ ዓመት ቢሆን ነው።

ይህ መስመር በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለ ሪክ፣ ማለትም ስለ ሃምፍሪ ቦጋርት ነው። እኔን የሚይዘኝ ተናጋሪው ነው። ሬኖ ለጀርመኖች ባጎበደደው የቪሺ መንግሥት ሥር የተሾመ ሰው ነው። ይህ ሹም ኢትዮጵያ ላይ የደረሰውን ያውቃል። ስፔን ላይ የደረሰውንም ያውቃል። ማን በዳይ ማን ተበዳይ እንደነበር፣ ተበዳዩ ኪሱ ባዶ እንደነበር ሳይቀር ያውቃል። ይህን ሁሉ እያወቀ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሬኖን የተጫወተው ክሎድ ሬይንስ ነው። መስመሩን የሚናገርበትን ድምፅ ልብ ብላችሁ አድምጡት፤ ፈገግታ ያዘለ፣ የወዳጅ ጨዋታ የሚመስል ድምፅ ነው፤ ከሥሩ ግን ቅናት አለ። እሱ ያልደፈረውን የደፈረ ሰው ፊቱ ቆሟል።

ስለ ሬይንስ ልል የምፈልገው ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። በሠላሳ ዓመት የፊልም ዘመኑ ደጋግሞ የተጫወተው አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ ትክክሉን የሚያውቅና የማያደርገው ሰው። ጀግና ሆኖ መታየት አይከብድም፤ ጽሑፉ ራሱ ያግዛል። አውሬ ሆኖ ማስፈራትም ብዙ ተዋናይ የሚችለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ሆዱ እያወቀው እጁ የማይታዘዝለትን ሰው እንደ ሬይንስ አድርጎ ያሳየ ተዋናይ በዚያ ዘመን ሆሊዉድ ውስጥ አላየሁም። ዛሬም ቢሆን ብዙ አላይም።

ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ከድምፁ ይጀምራሉ፤ ትክክል ናቸው። ጥልቅ፣ ትንሽ ሸከር ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል እስከ መጨረሻው ፊደል አክብሮ የሚያወጣ ድምፅ ነው። የሚሰማው ሰው ከጌቶች ቤት የተወለደ ይመስለዋል። ሬይንስ ግን በ1889 የተወለደው በደቡብ ለንደን፣ ካምበርዌል በሚባል ሰፈር ከድሃ ቤተሰብ ነው። ከወንድሞቹና ከእህቶቹ የሚበዙት በሕፃንነታቸው ሞተዋል። የሚናገረው የለንደን ድሆችን እንግሊዝኛ ነበር፤ በዚያ ላይ ይንተባተብ ነበር፣ «ረ» የምትባለው ድምፅም አትወጣለትም። ስሙን ሲጠየቅ ዊሊ ሬይንስ ማለት አቅቶት ዊሊ ዌይንስ ይል ነበር። በልጅነቱ ትያትር ቤት ገብቶ ተዋንያንን ተራችሁ ደርሷል እያለ የሚጠራ ተላላኪ ሆነ፤ ከዚያ ቃል የጠፋባቸውን ከመጋረጃ ጀርባ በሹክሹክታ የሚያስታውስ፣ ከዚያም የመድረክ ሥራ አስኪያጅ። የዘመኑ ታላቅ ተዋናይና የትያትር ቤት ባለቤት ኸርበርት ቢርቦም ትሪ የልጁን ነገር አይቶ የንግግር ትምህርቱን ወጪ ከኪሱ ከፈለለት።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ሬይንስ ለንደን ስኮቲሽ በተባለው ክፍለ ጦር ዘመተ። በዚያው ክፍለ ጦር ኋላ ሆሊዉድን የሞሉት ባዝል ራትቦን፣ ሮናልድ ኮልማንና ኸርበርት ማርሻልም አገልግለዋል። ቪሚ በሚባለው የፈረንሳይ ግንባር በመርዝ ጋዝ ተመታ። የቀኝ ዐይኑ ብርሃን ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ጉሮሮውም ተጎዳ። ያ የምናደንቀው ሸካራነት የመጣው ከዚያ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ የካፒቴን ማዕረግ ደርሶ ነበር፤ ካፒቴን ሬኖን የተጫወተው ሰው የምር ካፒቴን ነበር ማለት ነው። ስለ ዐይኑ ዕድሜውን ሙሉ ብዙ አላወራም። ፊልሞቹን የሚያይ ሰው አንድ ዐይኑ እንደማያይ አይጠረጥርም።

ወደ ለንደን ሲመለስ መድረክ ላይ ከመውጣቱ ጎን ለጎን በሮያል ድራማቲክ አርት አካዳሚ አስተማረ። ጆን ጊልጉድና ቻርልስ ሎተን ከተማሪዎቹ መካከል ነበሩ። መንተባተብ ያስቸገረው የካምበርዌል ልጅ እንግሊዝ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ካፈራቻቸው ታላላቅ የመድረክ ድምፆች አንዱን አስተምሯል። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ያ ድምፅ በፊደል በፊደል የተሠራ፣ በጋዝ የተቃጠለና እንደገና የተሠራ ነው። ምናልባትም በፊልሞቹ ውስጥ ጨዋ ነን የሚሉ ሰዎችን ገመና ያን ያህል አሳምሮ የሚያሳየን ጨዋነታቸው ከምን ከምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ይሆናል።

ወደ ፊልም የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1920 በአንድ ድምፅ አልባ ፊልም ታይቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በትያትር ሲሠራ ቆየ። በ1933 ጄምስ ዌል «የማይታየው ሰው» የተባለውን ፊልም ሲያዘጋጅ ፊት የማያስፈልገው ተዋናይ ፈለገ። ሬይንስ ለሌላ ስቱዲዮ ያደረገው የሙከራ ቀረጻ ከሽፎ ነበር፤ ዌል ግን ያንን ቀረጻ ሲሰማ ድምፁ ስለያዘው መረጠው ይባላል። በፊልሙ ውስጥ ፊቱ ወይ በፋሻ ተጠቅልሏል ወይ ጨርሶ የለም። የምናየው በመጨረሻ፣ የሞት አልጋ ላይ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። አርባን የተሻገረ ሰው በሆሊዉድ ሥራውን የጀመረው ሳይታይ ነው። ሳይታይም ፊልሙን ይዞታል፤ ያ ድምፅ ከትሕትና ወደ ዕብደት፣ ከዕብደት ወደ ልመና ሲሸጋገር ባዶ አየር ውስጥ ሰው ይታየናል።

ከዚያ ዋርነር ብራዘርስ አስፈረመው። «የሮቢን ሁድ ጀብዱዎች» ላይ ቀይ ፀጉር አጥልቆ ልዑል ጆን ሆነ፤ ሌሎችም ብዙ ሚናዎች አሉ። ሁሉንም መዘርዘር አልፈልግም። ተዋናዩ ለእኔ ሙሉ ሆኖ የወጣው በ1939 ነው።

በዚያ ዓመት ፍራንክ ካፕራ «ሚስተር ስሚዝ ጎስ ቱ ዋሽንግተን»ን ሠራ። ጄምስ ስቴዋርት ድንገት ሴናተር የሆነ የዋህ የገጠር ወጣት ነው። ሬይንስ ደግሞ ጆሴፍ ፔይን የተባለ ሽበታም፣ የተከበረ አንጋፋ ሴናተር ነው። ፔይን የወጣቱ አባት የልብ ወዳጅ ነበር። አባትየው ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፣ ፔይን ጠበቃ ነበር፤ ሁለቱም ተስፋ በሌለው ጉዳይ ሁሉ ከደካማው ጎን የሚቆሙ ወጣቶች ነበሩ። አባትየው ለአንድ የማዕድን ሠራተኛ ሲሟገት ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በጥይት ተገደለ። ፔይን ተረፈ። ተርፎም ቴይለር ለተባለ የግዛቱ ጌታ አደረ። ቴይለር ባለጋዜጣ ነው፤ ሹመትና መሬት የሚያድል፣ ምርጫን በገንዘብ የሚያዞር ሰው ነው። ፔይን ሴናተር ሆኖ የኖረው በእሱ ገመድ ታስሮ ነው።

ሁለቱ ወደ ዋሽንግተን በባቡር ሲጓዙ ወጣቱ ስለ አባቱ ያወራል። አደራችሁን በዚያ ቦታ ስቴዋርትን ተዉት፤ ሬይንስን እዩ። የሚናገረው ጥቂት ነው። ያዳምጣል። በሽማግሌ ፊት እንደ ቀረበ በዳይ፣ ገና ሳይጠየቅ ጥፋቱን እያወቀ ያዳምጣል። ፈገግታው አለ፤ ዐይኖቹ ግን ቀስ ብለው ከልጁ ፊት ይሸሻሉ። የሟቹን ስም ሲጠራ ድምፁ ዝቅ ይላል። ፔይን ሌባ መሆኑን ፊልሙ ቀደም ብሎ ነግሮናል፤ በዚያ ባቡር ውስጥ ግን ሌባው ሐዘን ላይ እንዳለ እናያለን። የሚያለቅሰው ለሞተው ወዳጁ ነው፣ ለራሱም ነው።

ብዙ ሰው በፊልሙ መጨረሻ ላይ ቅሬታ አለው። ስሚዝ ለሃያ አራት ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት ሲናገር ቆይቶ ሲወድቅ ፔይን ከምክር ቤቱ ወጥቶ ራሱን ለመግደል ይሞክራል፤ ሲያስጥሉት እየጮኸ ተመልሶ ይገባና ልጁን ሳይሆን እኔን አባሩኝ፣ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው ይላል። በወረቀት ላይ ካነበባችሁት የማይታመን ነው። ያን ያህል ዘመን የዘረፈ ሰው በአንድ ደቂቃ አይለወጥም። እኔ ግን አምነዋለሁ፤ የማምነው ሬይንስ ያንን ጩኸት ከባቡሩ ጀምሮ ሲያከማች ስላየሁ ነው። በየትዕይንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምርበታል። ልጁን ዓለም እንዲህ ናት፣ እኔም እንዳንተ ነበርኩ እያለ ሲመክረው ምክሩ ከልቡ ነው፤ ሊያድነው ይፈልጋል፣ ሊያበላሸውም ይፈልጋል፣ የራሱን ምርጫ ትክክል የሚያደርግለት የልጁ መበላሸት ስለሆነ። ይህን ሁሉ በአንድ ፊት ላይ ማየት ይቻላል። ፍንዳታው ሲመጣ ያረፈደ ዕዳ ሆኖ ነው የሚመጣው።

በዚህ ሚና ለኦስካር ታጨ፤ አላገኘም። ያሸነፈው ቶማስ ሚቸል በ«ስቴጅኮች» ነው። ሚቸል እዚያው «ሚስተር ስሚዝ» ውስጥም ከሬይንስ ጋር ተጫውቷል፤ እሱም ድንቅ ተዋናይ ነው፣ ሽልማቱ ያንሰው እንደሆነ እንጂ አይበዛበትም። ያን ጊዜ የደጋፊ ተዋንያን ሽልማት ገና የተጀመረ ነበርና የሚሰጣቸው እንኳ እንደ ሌሎቹ ሙሉ ሐውልት አልነበረም፤ ሰሌዳ ነበር። ሙሉው ሐውልት ለእነሱ መሰጠት የጀመረው የ1943 ፊልሞች ሲሸለሙ ነው። በዚያ ዓመት ሬይንስ በ«ካዛብላንካ» ታጭቶ በቻርልስ ኮበርን ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት በ«ሚስተር ስኬፊንግተን» ታጭቶ በባሪ ፊትዝጄራልድ ተሸነፈ። በ1946 ፊልሞች ደግሞ በ«ኖቶሪየስ» ታጭቶ ሃሮልድ ራስል ወሰደው። ራስል ተዋናይ አልነበረም፤ በጦር ሠራዊት ልምምድ ላይ ፈንጂ ሁለት እጆቹን የቆረጠው ወታደር ነበር፣ «ዘ ቤስት ይርስ ኦቭ አወር ላይቭስ» በተባለው ፊልምም እንደ ራሱ እጆቹን ያጣ መርከበኛ ሆኖ ተጫውቷል። በዚያ ሽልማት ልከፋ አልችልም። ሬይንስም በወጣትነቱ ከጦር ሜዳ ዐይኑን አጥቶ የተመለሰ ሰው ነበር፤ የራስልን ነገር ከአዳራሹ ሰዎች ከአብዛኞቹ የበለጠ የተረዳው ይመስለኛል።

አራት ጊዜ ታጭቶ አራቱንም አጣ። ዝናውን የሚያነሡ ሰዎች ይህንን ቁጥር ያስቀድማሉ፤ እኔ ግን በዚህ የሚለካ አይመስለኝም።

ወደ ሬኖ ልመለስ። «ካዛብላንካ»ን የሚወዱ ሁሉ ሬኖን ይወዱታል፤ ይህ ፍቅር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ሬኖ የሚያደርገው ነገር አስከፊ ነው። ከናዚ የሸሹ ስደተኞች ከሞሮኮዋ ከተማ ከካዛብላንካ ለመውጣት የእሱን ፊርማ ይፈልጋሉ፤ ገንዘብ የሌላቸው ሴቶች በገላቸው እንዲከፍሉ ያደርጋል። አንዲት ገና ልጅነቷን ያልጨረሰች የቡልጋሪያ ሙሽራ ለባሏ ስትል ይህን ልታደርግ ሪክን ምክር ትጠይቃለች። ያ ትዕይንት ቀልድ አይደለም። ሬይንስ ሬኖን አጣፍጦ መጫወቱ ይህን አላጠበውም። ይልቅስ ጣፋጭነቱን ራሱን የወንጀሉ መሣሪያ አደረገው። እንዲህ ያለ ሹም በመልካም ጠባዩ ነው የሚያዘናጋችሁ፤ ሲያስቃችሁ ቆይቶ ምን እንዳደረገ ስታስቡ ሣቃችሁ ጉሮሯችሁ ላይ ይቀራል። ዐይኑን በጨው አጥቦ እዚህ ቤት ቁማር መኖሩ አስደነገጠኝ እያለ ቤቱን ሲዘጋ፣ እዚያው በቆመበት ቁማር አጫዋቹ ያሸነፉት ገንዘብ ይኸው ጌታዬ ይለዋል። አመስግኖ ይቀበላል። ምስጋናው ፍጹም ጨዋ ነው።

የመጨረሻውን ውሳኔ እዩ። አየር ማረፊያው ላይ ሪክ የጀርመኑን ሻለቃ ስትራሰርን ገድሎታል፤ የሬኖ ፖሊሶች ደርሰዋል። ሬኖ ሻለቃው እንደተገደለ ይነግራቸዋል። ከዚያ ዝም ይላል። ሪክን ያየዋል። ሪክም ያየዋል። ከዚያ ፖሊሶቹን የተለመዱትን ተጠርጣሪዎች ሰብስቡ ብሎ ይልካቸዋል። ያ ዝምታ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሬይንስ ፊቱን አይለውጥም፣ ቅንድቡን አያነሣም። ሰውየው እየወሰነ መሆኑን ግን እናውቃለን። የቪሺ ጽሑፍ የተለጠፈበትን የውኃ ጠርሙስ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጥሎ በእግሩ ሲገፋው ውሳኔው ቀድሞ አልቋል፤ ጠርሙሱ ለእኛ ነው፣ ለእሱ ያለቀው በዝምታው ውስጥ ነው።

ከሁሉም የማስበልጠው «ኖቶሪየስ»ን ነው። የሂችኮክ ፊልም ነው፤ 1946። ሬይንስ አሌክሳንደር ሴባስቲያን ነው፣ ሪዮ ዲ ጃኔሮ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የተሸሸገ ናዚ። የወይን ጠርሙሶች ውስጥ የዩራኒየም ማዕድን ደብቀዋል። አሜሪካኖች ኢንግሪድ በርግማን የምትጫወታትን አሊሺያን ሰላይ አድርገው ይልኩበታል፤ ከዚህ በፊት ይወዳት ስለነበር በቀላሉ እንደሚቀበላት ያውቃሉ። የላካት ሰው ኬሪ ግራንት የሚጫወተው ዴቭሊን ነው፤ ዴቭሊንም ይወዳታል፣ ግን አምኖ አይነግራትም። ሴባስቲያን አምኗት ያገባታል።

እንግዲህ ፍርዱን ስጡ። በዚህ ፊልም ውስጥ በፍጹም ልቡ የሚወዳት ማነው? ናዚው ነው። መልከ መልካሙ ጀግና ቀዝቃዛ ነው፣ ይጠራጠራታል፣ በነገር ይወጋታል። ሴባስቲያን ያምናታል። ሬይንስ ከበርግማን አጭር ነበር፤ ሂችኮክ አንዳንድ ቦታ ከፍ ያለ ወለል ላይ እያስኬደ ልዩነቱን ቢሸፍነውም ጨርሶ አላጠፋውም። ሬይንስ ያንን አጭርነት ተጠቀመበት። ሚስቱን ሽቅብ ሲያያት በዕድሜም በመልክም እንደማይመጥናት የሚያውቅ፣ ዕድሉ እንዳይነጠቅበት የሚፈራ ሰው እናያለን። አስጠሊታ ዓላማ ያለው ሰው ነው። እንዲህም ሆኖ አንጀት ይበላል።

ሚስቱ ሰላይ መሆኗን ያወቀ ዕለት ንጋት ላይ እናቱ መኝታ ቤት ይገባል። እናቱን የተጫወተችው ሊዮፖልዲን ኮንስታንቲን ከሬይንስ የምትበልጠው በሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ሁለቱን ስታዩ ግን አይታወቃችሁም። ልጅ ሆኖ ነው የሚገባው። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያገባኋት የአሜሪካ ሰላይ ናት ይላል። እናትየው አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ሲጋራ ትለኩሳለች፤ የተደሰተች ትመስላለች። በዚያ ክፍል ውስጥ የዚህ ሰው ዕድሜ ሙሉ ይታያል። ዕድሜውን ሁሉ ለጠንካራ ሰው የታዘዘ፣ በእናቱ የጀመረና በፓርቲው የቀጠለ ሰው ነው። ሬይንስ ይህን በንግግር አላስረዳንም። ትከሻው ወርዶ፣ ያ የሚያምር ድምፁ ልሙጥ ሆኖ፣ እጆቹ የት እንደሚቀመጡ ጠፍቷቸው አየነው።

መጨረሻው ደረጃው ላይ ነው። ዴቭሊን የተመረዘችውን አሊሺያን ደግፎ ይወርዳል፤ ሴባስቲያንና እናቱ አብረው ይወርዳሉ፤ ከታች ጓደኞቹ ናዚዎች ያያሉ። ሴባስቲያን ጮሆ ቢያስቆማቸው ሰላይ ማግባቱ ታውቆ ይገደላል፤ ዝም ቢል ሚስቱ ትሄዳለች። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ እየዋሸ፣ ጠላቱን እያገዘ ይወርዳል። መኪናው ጋ ሲደርሱ እኔንም ውሰዱኝ ብሎ ይለምናል። ዴቭሊን በሩን ይቆልፍበታል። ከኋላው አንዱ በስሙ ጠርቶት ላነጋግርህ እፈልጋለሁ ይለዋል። ይመለሳል። ፊልሙ የሚያበቃው በጀግናው ሳይሆን በእሱ ጀርባ ነው፤ ሂችኮክ የመጨረሻውን ምስል ለማን መስጠት እንዳለበት ዐውቋል። ናዚ ይገደል ዘንድ የምንፈልግ ተመልካቾች ሆነን ሳለ ያ መመለስ ይከብደናል። ሬይንስ የሰውየውን ጥፋት በአንዲት ፍሬ እንኳ አልቀነሰም፤ የሚሄደው ወደ ሚገባው ቅጣት ነው፣ የሚሄደው ግን ሰው ነው።

ከዚህ ዓይነት ሰው የወጣባቸው ሚናዎችም አሉ። በ«ሚስተር ስኬፊንግተን» ቤቲ ዴቪስ የምትንቀው ታማኝ አይሁዳዊ ባል ነው፤ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ ዐይነ ስውር ሆኖ ይመለሳል። ዐይን ማጣት ለዚህ ተዋናይ ከልምምድ የተገኘ አልነበረም። ዴቪስ አብረው ከሠሩ ተዋንያን ሁሉ እሱን ታስበልጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ በቴሌቪዥን እንደተናገረችው መጀመሪያ ሲገናኙ «ኋሬዝ» የተባለው ፊልም ላይ እሱ ናፖሊዮን ሦስተኛ ሆኖ በጥላቻ ሲያያት የእሷን ትወና የናቀ መስሏት ነበር የፈራችው፤ እንዲያ ያያት ናፖሊዮን መሆኑን የተረዳችው ቆይታ ነው። አብረው በሠሩት «ዲሴፕሽን» ደግሞ የሙዚቃ ደራሲ ሆኖ ምግብ ቤት ውስጥ ራት ሲያዝ ያለው ትዕይንት አለ፤ የተራበውን፣ የተጨነቀውን ተጋባዥ እያየ ምናሌውን ያለ ማቋረጥ ይገለብጣል። ጭካኔ እንዲህ ጣፍጦ አያውቅም። «ዘ ፋንተም ኦቭ ዘ ኦፔራ» ላይ ግን ዘፈኑና ጌጣጌጡ ውጦታል፤ ያንን ፊልም ለሬይንስ ብላችሁ አትፈልጉት።

ስድስት ጊዜ አግብቷል፤ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። በፔንሲልቬኒያ ቼስተር በሚባለው አካባቢ ሰፊ እርሻ ገዝቶ ቀረጻ ሲያበቃ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ስለ ቤቱ ከዚህ በላይ መግባት አልወድም።

በ1951 ኒው ዮርክ ውስጥ ከአርተር ኬስትለር ልብ ወለድ በተወሰደው «ዳርክነስ አት ኑን» የተባለ ተውኔት ሩባሾቭን ተጫወተ። ሩባሾቭ የቆየ አብዮተኛ ነው፤ ዕድሜውን የሰጠው ፓርቲ እስር ቤት ከቶት ያልሠራውን ወንጀል እንዲያምን ይመረምረዋል። ሬይንስ በዚህ ሚና ቶኒ የተባለውን የአሜሪካ የትያትር ሽልማት በምርጥ መሪ ተዋናይነት አገኘ። ደጋፊ ተብሎ ሳይሆን መሪ ተብሎ። የትወናው ቅጂ የለንምና የማየት ዕድል አላገኘሁም፤ ሚናው ግን ፔይንን፣ ሬኖንና ሴባስቲያንን ያሳለፈ ሰው ሊደርስበት የሚገባ ይመስለኛል። ለሥልጣን ያገለገለ ሰው ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት የሠራውን ሲቆጥር። ሦስቱም ወደዚያ ክፍል ሲሄዱ ነበር።

ከሰባ ዓመቱ በኋላ ዴቪድ ሊን በ«ሎረንስ ኦቭ አረቢያ» ድራይደን የተባለውን የእንግሊዝ የፖለቲካ ሰው ሰጠው። በዚያ በረሃና ግመል በሞላበት ግዙፍ ፊልም ውስጥ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያወራ ሹም ነው። ከፔይን የሚለየው ራሱን አለማታለሉ ነው፤ ምን እየሸጠ እንደሆነ ያውቃል፣ አይጸጸትም፣ አይደሰትም። ሎረንስ በራሱ ታሪክ ሲሰክር ድራይደን ከዳር ሆኖ ያያል፤ የማዘን ምልክት ፊቱ ላይ ሲያልፍ ታያላችሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሬይንስ በ1967 በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ላኮንያ በምትባል ከተማ በ77 ዓመቱ ሞተ።

ተዋንያን ዛሬም ስሙን በአክብሮት ያነሡታል፤ ሰፊው ተመልካች ግን ፊቱን እንጂ ስሙን አያውቅም። ይህ ለእኔ ቁጭት ነው፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ፊልሙን ስናስታውስ የምናስታውሰው ቦጋርትን፣ ስቴዋርትን፣ ግራንትን ነው። ሦስቱም ከሬይንስ ጋር ሲቆሙ ይበልጥ ይገዝፋሉ፤ ምክንያቱም ተቃራኒያቸው ተራ ወንጀለኛ አይደለም። ቦጋርት ሲወስን ትልቅ የሚሆነው መወሰን ምን ያህል እንደሚከብድ ሬኖ ፊት ላይ ስላየን ነው። የስቴዋርት የዋህነት ሞኝነት የማይመስለን ፔይን ስለሚፈራው ነው።

እሱን አይቶ የማያውቅ ሰው በ«ኖቶሪየስ» ይጀምር፤ አንድ ጊዜ ለታሪኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለሴባስቲያን ብቻ ይየው። ከዚያ «ሚስተር ስሚዝ»ን ያስከትል፣ የባቡሩ ትዕይንት ሲመጣ ፊልሙን እያቆመ የፔይንን ዐይኖች ይከተል። «የማይታየው ሰው»ን ግን ከምስሉ ይልቅ በደንብ በሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ነው ማየት ያለበት፤ እዚያ ተዋናዩ ያለው በድምፁ ውስጥ ነው።